ለርችት የተነፋ ጡሩንባ

ሰኞ

እሺ አልኩት። ምን ነክቶኝ እሺ እንዳልኩ እስካሁን አልገባኝም።

ደሳለኝ ነው፣ የጎረቤታችን የእትዬ በላይነሽ ትንሹ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ። እሑድ ያገባል። ጠዋት ፎቶ ቤቱ መጣና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ "ሰይዶ፣ ሰርጌን የምታነሳው አንተ ነህ" አለኝ። "በምን? በዐይኔ?" አልኩት። ዞር ዞር ብሎ አየ። ኮምፒውተሩ የለ፣ ማተሚያው የለ፣ ሁለቱ ካሜራዎች የሉ፣ መብራቶቹ የሉ። ከተማችን መርሳ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ ሁሉም ተጠርጎ ሄዷል። ጉርድ ፎቶ የማነሳበት ሰማያዊ መጋረጃ ሳይቀር ተወስዷል፤ ለምን እንደሚጠቅም አላህ ይወቅ። የተረፈልኝ አባቴ ግድግዳው ላይ ያሳለው ፏፏቴ ነው። እሱ አይነቀልም። ሌላው የተረፈ መስኮቱ ላይ የተወጠረው ገመድ ነው። ተነስተው ያልወሰዱ ሰዎችን ፎቶ እዚያ ላይ እሰቅላለሁ። ባለቤቱ መጥቶ ካልወሰደው ፎቶ አይወርድም፤ የአባቴ ሕግ ነው።

"በአባትህ ካሜራ ነዋ" አለኝ ደሳለኝ።

የአባቴ ካሜራ ማንም ስላልፈለገው ቀርቷል። ፊት ለፊቱ ላይ ሁለት ሌንስ የተደራረበበት፣ ከላይ ጎንበስ ብለው የሚያዩበት የፊልም ካሜራ ነው። ቤታችን ውስጥ ስሙ ሁለት ዐይና ነው። ከፍተው አይተው፣ ስክሪን ሲያጡበት ወደ ጓሮ ወረወሩት። ሚስቴ ሐዋ ጎመኑ መሃል አገኘችውና "ባለቤቱ ሳይመጣ አይሄድም ያለው ይሄኛው ነው" ብላ ሳቀችብኝ።

ከዚያ ደሳለኝ ዋናውን ነገር አወጣ። ርችት። ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንድ ሳጥን ርችት ይዞ መጥቷል። አንዴ ከተለኮሰ እስኪያልቅ ወደ ላይ የሚተፋ ሳጥን ነው። ሙሽራዋ ቤት በምትገባበት ማታ ይለኩሰዋል፤ እኔ ደግሞ አነሳዋለሁ። "መርሳ ላይ የተተኮሰውን ሁሉ አየነው፤ አንድ ቀን ደግሞ ለደስታ ይተኮስ" አለ።

ማስታወሻዬ ላይ ካልዋሸሁ፣ ልቤ ዘለለ። ርችት አንስቼ አላውቅም። የሁለት ዐይና መዘውር ላይ ከቁጥሮቹ ጫፍ አንዲት የፈረንጅ ፊደል አለች። እሷ ላይ ሲደረግ፣ ጣት እስካልተነሳ ድረስ የካሜራው መዝጊያ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ጨለማ ውስጥ የሚሄድ ብርሃን ሁሉ ፊልሙ ላይ መስመር ይሠራል። አባቴ "ይቺን አትንካ፣ ፊልም ትበላለች" ይለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሳልነካት ኖርኩ።

ያለኝ ነገር፦
ካሜራው። ጎኑ ትንሽ ጎድጉዷል፣ ይሠራል።
ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሁለት ጥቅል። እናቴ ክር የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ። ጊዜያቸው ካለፈ ቆይቷል።
የማጠቢያና የማጽኛ ዱቄት፣ ያልተከፈቱ ጣሳዎች።
የፎቶ ወረቀት፣ ጥቂት።
መብራት የለም። ኔትወርክ የለም። ውሃ ከጉድጓድ።
ልምድ የለም።

ማክሰኞ

እትዬ በላይነሽ አስጠሩኝ። ግቢያቸው ውስጥ ዳሱ እየተሠራ ነው፣ የቆርቆሮው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። እሳቸው በርበሬ ሲለቅሙ ቁጭ ብለዋል።

"ሰይዴ፣ ና ቁጭ በል። የቤተሰቡን ፎቶ ስታነሳ ከአጠገቤ አንድ ወንበር ባዶ ትተዋለህ።"

ለማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ለታደሰ ነው፣ ለትልቁ ልጃቸው። ከሚሊሻው ጋር ወደ ሐራ በኩል እንደወጣ አልተመለሰም። ውርጌሳ ላይ አየሁት ያለ አለ። ደሴ ተኝቶ ይታከማል ያለ አለ። ደሳለኝ ደሴ ሄዶ አልጋ በአልጋ ፈልጎ አጥቶት ተመለሰ። እናትየው ይህን ሰርግም እንቢ ብለው ነበር። "ታላቁ ሳይመጣ ታናሹን አልድርም" ብለው ሽማግሌ ሁለቴ ከመለሱ በኋላ ነው የተስማሙት። ሲስማሙም አንድ ነገር አስረግጠዋል፦ ቤታቸው ውስጥ የሚያለቅስ፣ "ነፍሱን ይማር" የሚል፣ ሌላው ቀርቶ ታደሰን "ነበር" ብሎ የሚያነሳ እንዳይኖር።

"እኔ መርዶ አልሰማሁም" አሉኝ። "መርዶ እስክሰማ ልጄ ሕያው ነው። ወንበሩን ትተዋለህ?"

"እተዋለሁ እትዬ።"

"የርችቱን ነገር ደሳለኝ ነግሮኛል። ያ ነገር ይጮሃል?"

"ይጮሃል።"

"በል፣ ከመጮህ የተረፈ ነገር የለም፣ እሱም ይጩህ" አሉና ወደ በርበሬያቸው ተመለሱ።

ወደ ቤት እየተመለስኩ ሳስበው፣ ባዶ ወንበር መሃል ያለበት የቤተሰብ ፎቶ አያምርም። ሥራዬ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ማን ይነግራቸዋል። እኔ አልነግራቸውም።

ረቡዕ

ሙከራ። አንዱን ጥቅል ለሙከራ ሰዋሁት፤ ሌላው ለሰርጉ ይቀመጥ።

መግሪብ ሰግጄ ካሜራውን ጓሮ ማቆሚያው ላይ አቆምኩና ሐዋን "እሳት ያዢና አወዛውዢልኝ" አልኳት። "እብድ ነው የሚሉህ ገና አሁን ነው" አለችኝ። ግን ከምድጃው አንድ ትንታግ አንስታ ጨለማው ውስጥ ክብ ሠራች፣ ወደ ላይ ወረወረች፣ ቀለበች፣ እጇን አቃጠላት፣ ሰደበችኝ። እኔ በመጫኛው ሽቦ መዝጊያውን እየከፈትኩ እየዘጋሁ ጥቅሉን ጨረስኩ። ሽቦው ያስፈልጋል፣ ካሜራውን በጣት ከነኩት ይነቀነቃል።

ከዚያ ማጠብ። የጓዳውን መስኮት በጋቢ ደፈንኩ፤ በሩ ስር ምንጣፍ። አባቴ ሲያጥብ የፊልሙን ሁለት ጫፍ ይዞ፣ ሆዱን ሳህኑ ውስጥ እየነከረ አንዱን እጅ ከፍ ሌላውን ዝቅ ያደርግ ነበር። ጨለማ ውስጥ ሰዓት ስለማይታይ በሙስበሃ፣ በዱዓ መቁጠሪያው፣ ነው የሚቆጥረው። ሦስት ዙር ዚክር ማጠቢያው ውስጥ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ማጽኛው። እኔ ግን ሁለት እጄም ፊልሙን ይዟል። ሐዋ ከበሩ ውጭ ቁጭ ብላ ሙስበሃውን ጮክ ብላ ቆጠረችልኝ። አንድ ዙር ስታልቅ "አንድ!" ትላለች፣ ለፎቶ ሳይሆን ለዳኛ የምትመሰክር ትመስል ነበር።

ተሳካ! አልሃምዱሊላህ። ፊልሙ ጉም ለብሷል፣ አርጅቷላ። ግን የሐዋ እሳት አለ፣ ክቡ ቁልጭ ብሎ፣ የተወረወረውም ወደ ላይ ወጥቶ ሲመለስ። ሐዋ ራሷ ግን የለችም። እሳቱ ብቻውን በሰማይ ይዞራል። የሚንቀሳቀስ ሰው ፊልሙ ላይ አይያዝም፣ ወይም እንደ ጢስ ሆኖ ያልፋል። ረጋ ያለ ብቻ ነው የሚወጣው።

"እኔስ የት ሄድኩ?" አለችኝ።

"ስትወዛወዢ ጠፋሽ።"

"አንተ እሳት አስይዘኸኝ።"

የተማርኩት፦ የሌንሱን ቀዳዳ ከምገምተው በላይ መክፈት አለብኝ። እሑድ ማታ ሰዎቹ እንዳይንቀሳቀሱ መለመን አለብኝ። ይሆናል ኢንሻአላህ።

ሐሙስ

ችግር።

ደሳለኝና እኔ ቀበሌ ሄድን። የሚሊሻው ኃላፊ ርችት ሲባል ፊቱ ተለዋወጠ። "አብዳችኋል? በጨለማ አንድ ነገር ሲፈነዳ የኔ ልጆች መልስ ይሰጣሉ። ሕዝቡም ነቅሎ ወደ ጫካ ይሮጣል።" እውነቱን ነው። ባለፈው ሳምንት የሲኖትራክ ጎማ ሲፈነዳ ገበያው በአንድ ጊዜ ነው የተበተነው። እኔም ከቲማቲም ሻጯ ጋር ጠረጴዛ ስር ተገናኝቻለሁ።

ብዙ ተለመነ። በመጨረሻ "ሁሉም ቤት አስቀድሞ ከሰማ እፈቅዳለሁ። አንድም ያልሰማ ቤት እንዳይኖር" አለ።

ግን በምን ይሰማል? መብራት ስለሌለ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ ማጉያ አይሠራም። ስልክ የለም። ዓርብ ጁምዓ ላይ ለሰጋጁ ይነገራል፣ ቄሱም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይናገራሉ፤ ቤት የዋሉት ሴቶችስ? አሮጊቶቹስ?

እኔ ነኝ ያመጣሁት። "የቅሬው ጡሩንባ አለ አይደል?" አልኩ።

ቅሬያችን እስላም ክርስቲያኑን አንድ ላይ የሚቀብር እድር ነው። ሰው ሲሞት አቶ ይመር ንጋት ላይ ጡሩንባውን ይነፋል፣ የማን ቤት እንደሆነ ይጣራል፣ ከተማው ነቅሎ ይወጣል። የአቶ ይመር ጡሩንባ የማይደርስበት ቤት የለም። ኃላፊው ራሱ "ይሄ ጥሩ ነው" አለ። ደሳለኝ እቅፍ አድርጎ ሳመኝ። በራሴ ብልህነት ኮርቼ ነው የገባሁት።

ዓርብ

ጁምዓ ላይ ኢማሙ ተናገሩ። ሰዉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ "እኛ ርችቱን ለምደነዋል፣ ሰርጉ ነው የናፈቀን" አሉ።

አቶ ይመርን ቤቱ ሄጄ እሑድ ንጋት ላይ እንዲነፋልን አናገርኩት። ጢሙን እያሻሸ ብዙ አሰበ። "ለሞት ካልሆነ ነፍቼው አላውቅም" አለኝ። "ቃሉን በደንብ ጮክ ብለህ ትናገራለህ፣ በቃ" አልኩት። "አይ፣ እናገራለሁ" አለ። ግን ደስ አላለውም፤ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ጡሩንባውን ከግድግዳው አውርዶ በነጠላው ጠረገው።

ፊልሙን ካሜራው ውስጥ አስገባሁ። 

ቅዳሜ

የበሬው ሥጋ ተከፋፈለ። ለእኛ ለእስላሞቹ ሁለት በግ ለብቻው አለ፣ ያረድኩት እኔ ነኝ። የእትዬ በላይነሽ ግቢ ሴት በሴት ሆኗል። ሐዋ እዚያው ዋለች።

የካሜራውን ቦታ መረጥኩ፦ ከአጥሩ ጥግ፣ ዳሱ ፊት ለፊት። ቤተሰቡ ከዳሱ ውጭ በሰልፍ ይቀመጣል፣ ማሾው፣ የጋዝ መብራቱ፣ ከጎናቸው ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል፣ ርችቱ ከቤቱ ጀርባ ካለው ባዶ ማሳ ይነሳል። ወንበሮቹን ደረደርኩ። ባዶዋን ከእትዬ በላይነሽ ወንበር በስተቀኝ አደረግኳት። እትዬ መጥተው አዩና በስተግራቸው አዛወሯት። "እሱ በግራዬ ነው የሚቀመጠው" አሉ። እሺ።

ነገ ማታ ዝናብ እንዳይሆን ዱዓ አድርጌያለሁ። ጥር ላይ ዝናብ የለም፤ ያም ሆኖ።

እሑድ፣ ቀትር



ሱብሂ ሰግጄ ስመለስ ነው ጡሩንባው የተነፋው። ያ ድምፅ። ለምን እንደሚነፋ የማውቀው እኔ፣ ያስነፋሁት እኔ፣ ግን ማን ሞተ ብዬ ዞርኩ። ሌላው ምን ይሁን? አቶ ይመር እንደተባለው ከጉብታው ላይ ሆኖ ተጣራ፦ "የቅሬ ሰዎች! በእትዬ በላይነሽ ቤት ዛሬ ማታ ርችት ይተኮሳል! አትደንግጡ!" አንድ ቃል አልሳተም። ሰዉም ሰምቷል። ግን ለርችት ጡሩንባ ይነፋል ብሎ ማን ያምናል? ጡሩንባው ተነፍቷል፣ የእትዬ በላይነሽ ቤት ተብሏል፣ ልጃቸው የት እንዳለ አይታወቅም። ርችቱን ሁሉም፣ ጁምዓ ላይ የሰማው ሳይቀር፣ ለማለሳለስ የተጨመረ ነገር አድርጎ ነው የወሰደው። መርዶ እኮ በቀጥታ አይነገርም። መርዶ የሚነግር ሰው ስለ ሌላ ነገር እያወራ ነው የሚገባው።

እየሮጥኩ ስደርስ ግቢው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማታ ለሰርግ ሽንኩርት ሲከትፉ ያመሹት ናቸው። አንዷ የንፍሮ ድስት ይዛ መጥታለች፤ መቼ አፍልታ እንደደረሰች አላውቅም። ወንዶቹ ራሳቸውን ይዘው አጥሩ ላይ ተደግፈዋል። የሰርጉ ዳስ ስር ለቅሶ ሊቀመጥ ነው።

እትዬ በላይነሽ በራቸው ላይ ቆመዋል። አንዷ "ይቀመጡ እትዬ፣ ቁጭ ይበሉ" ትላለች። እሳቸው አልተቀመጡም። በሩን በአንድ እጅ ይዘው፣ ሰዉን ሁሉ እያዩ፣ ድምፃቸው ሳይሰበር "ንገሩኝ" አሉ። "ቆሜ ነው የምሰማው።"

ደሳለኝ ጢሙን በግማሽ ተላጭቶ በሳሙና ፊቱ ወጣ። "እማዬ ርችት ነው! ርችቱ እኮ ነው!" እያለ ይጮኻል። ሴቶቹ በኀዘን አበደ ብለው እልል ሳይሆን ዋይ አሉ። እኔም "እትዬ፣ ወላሂ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያስነፋሁት" እላለሁ። ማንም አይሰማኝም። ደሳለኝ እናቱን ስለ ርችቱ ነግሯቸዋል፤ ስለ ጡሩንባው ግን ሰይድ ነግሯቸዋል ብሎ ትቶታል። እኔ ደግሞ እሱ ነግሯቸዋል ብዬ።

አቶ ይመር ጡሩንባውን በእጁ እንደያዘ ገፍቶ ገባና መሃል ላይ ቆመ። "ወላሂ የሞተ የለም! ወላሂ! ለሞት ብነፋው ኖሮ የሟች ስም እጠራ ነበር፣ የሟች ስም ጠርቻለሁ እንዴ? ለሰርግ ነው የነፋሁት። አንቱም ይምቱኝ፣ እነሱም ይምቱኝ!"

 እትዬ በላይነሽ አዩት፣ ብዙ አዩት። ከዚያ ነው በሩን የለቀቁት። ቁጭ አሉ። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ መስሎኝ ነበር። ነጠላውን ሲያነሱት ግን እየሳቁ ነበር፣ እንባቸው እየወረደ።

"አንቺ" አሉ ድስት የያዘችዋን፣ "ንፍሮውን አምጪው። ከተቀቀለ ይበላል እንጂ ይጣላል እንዴ?"

ንፍሮ በላን። የሰርግ ጠዋት፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሁሉ እያስተካከለ፣ ንፍሮ። ደሳለኝ ርችቱ ይቅር አለ። እኔም ይቅር አልኩ። ግማሽ ልቤ አልፈለገም፤ ያም ቢሆን አልኩት። እናትየው ናቸው እንቢ ያሉት። "በጠዋቱ ይሄን ሁሉ ለቅሶ አስነስታችሁብኝ ደግሞ ልትተዉት? ይተኮሳል።"

የማደርገው ጠፍቶኝ ቤት መጥቼ ይሄን እጽፋለሁ። እትዬ ቆመው "ንገሩኝ" ሲሉ ያየሁትን ፊት አልረሳውም። በእኔ ብልህነት።

ሰኞ

የትናንት ማታውን ልጻፍ።

ከመግሪብ በኋላ ቤተሰቡ በሰልፍ ተቀመጠ። እትዬ በላይነሽ መሃል፣ በግራቸው ባዶዋ ወንበር፣ ከወንበሯ ኋላ ደሳለኝ ደረቱ ላይ ነጭ አበባ ሰክቶ፣ ሙሽራዋ ከጎኑ። ሚዜዎቹ፣ አጎቶቹ፣ ከዳሱ ስር እንግዳው ሁሉ። ማሾው ፏ ብሏል። "አደራ፣ ርችቱ እስኪያልቅ ማንም እንዳይንቀሳቀስ" አልኩ። "ጠዋት ነፍተህብናል፣ ሰምተናል!" አለ አንዱ፣ ሳቁ። ነገሩን ሁሉም ያውቃል። ጁምዓ ላይ ተነግሯል፣ ቅዳሴ ላይ ተነግሯል፣ በጡሩንባ ተነግሯል።

አንዱ ሚዜ ማሳው ላይ ሳጥኑን ለኮሰ። እሳቱ ገመዱን ሲይዝ አይቼ ሽቦውን ተጫንኩ፤ መዝጊያው ተከፈተ። ሁሉም ባለበት ረግቷል፣ በጣም ጥሩ። ከዚያ የመጀመሪያው እያፏጨ ወጣ።

ያ ፉጨት። ፍንዳታው ሳይደርስ ሁሉም መሬት ላይ ነበር። ሁሉም! ኢማሙ፣ ቄሱ፣ የሚሊሻው ኃላፊ፣ አቶ ይመር። ደሳለኝ ሙሽራዋን ጎትቶ ወንበር ላይ ተደፋ። ሐዋ የጠላ ጋን ኋላ ገባች፣ እሷ ጠላ የማትቀምሰው። እኔ በደረቴ ተኝቻለሁ፣ ሽቦውን በእጄ ጨብጬ፣ አልለቀቅኩትም። ለመያዝ አስቤ አልነበረም፤ ጣቴ ደንግጦ ጨብጦ ነው የቀረው። ርችቱ ከላያችን አበባ እያፈነዳ፣ ከተማው ሙሉ አፈር ላይ ተኝቶ።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሳቁ ሲነሳ ቀስ በቀስ ራስ ቀና ማለት ጀመረ። ቀና ስል ሳጥኑ የመጨረሻውን ተፋ። ሽቦውን ለቀቅኩት።

እትዬ በላይነሽ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ቀጥ ብለው፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ወደ ሰማይ እያዩ። ወደ እሳቸው ሄጄ "አልደነገጡም እትዬ?" አልኳቸው።

"ጠዋት ያንን ጡሩንባ በቁሜ የሰማሁ ሴት፣ ማታ በርችት ልወድቅ?" አሉኝ።

ከዚያ ጭፈራ ሆነ። የቀረውን ፊልም በጭፈራው ላይ ጨረስኩ። የርችቱ ግን ያቺ አንዷ ብቻ ናት።

ማክሰኞ

አጠብኩ። ሐዋ ከበሩ ውጭ ቆጠረች። በሁለተኛው ዙር ልቧ ሌላ ሄዶ "ስንት ላይ ነበርን?" አለችኝ፤ በጨለማ ውስጥ ጮህኩባት። በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሳቀች። ሳቋን አላመንኩትም፣ እራት ላይ ሽሮው ጨው በዝቶበታል።

ፊልሙ ደረቀ። ወረቀቱ ላይ ፊልሙን ለጥፌ በስልክ ባትሪ ለአፍታ አበራሁበት፤ ስልኩን በጎረቤት ሶላር ነው የሞላሁት። ምስሉ ሳህኑ ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ።

እንዲህ ዓይነት ፎቶ ሠርቼ አላውቅም። ሰማዩ በብርሃን ክር ተሞልቷል፣ ወደ ላይ ወጥቶ የሚበተነው ሁሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ። ከታች ሰው የለም። ወንበር በወንበር፣ ጢስ በጢስ ነው። የወደቀ ሁሉ ጠፍቷል። መሃል ላይ እትዬ በላይነሽ ብቻቸውን፣ የነጠላቸው ጥለት ሳይቀር ቁልጭ ብለው ተቀምጠዋል።

ግን ከግራቸው፣ ባዶዋ ወንበር ላይ፣ አንድ ሰው አለ።

ሰው አይደለም። ነጭ ጥላ። ወንበሩ በውስጡ ያልፋል፣ ወደ እሳቸው ያዘነበለ ይመስላል። ደሳለኝ እንደሆነ አውቃለሁ። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፣ ከዚያ በወንበሩ ላይ ተደፋ፣ ፊልሙ ሁለቱንም በግማሽ ያዘው። ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ። ግን የታደሰ ወንበር ላይ፣ በጥላ መልክ። ሌላ ሰው ይሄን ሲያይ ምን ይላል?

ሐዋ አየችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። "አታሳያቸው" አለችኝ። "ሰይድ፣ በአላህ አታሳያቸው። እሑድ በጡሩንባ፣ አሁን ደግሞ በፎቶ? ተበላሸ በላቸው።"

ተበላሸ ማለት ይቀላል። ፊልሙ ያረጀ ነው፣ ማንም ያምነኛል። ሌላ ወረቀት ላይ ጥላውን በጣቴ ሸፍኜ ለማተም ሞከርኩ። ወንበሩም አብሮ ጠፋ፤ ነጭ ቀዳዳ ሆነ። ያም የባሰ ነው። ቀደድኩት።

መርዶ እስክሰማ ልጄ ሕያው ነው ብለዋል። እኔ መርዶ ነጋሪ ልሆን አልፈልግም። በጡሩንባ አንዴ ሆኛለሁ፣ ይበቃኛል።

ረቡዕ

ሄድኩ። ውሸት ይዤ ነበር የሄድኩት። ፎቶው ኪሴ ውስጥ ነው፣ ቃሉ ደግሞ አፌ ላይ፦ "የርችቱ አልወጣም እትዬ።"

እትዬ በላይነሽ ዳሱ በፈረሰበት ግቢ ብቻቸውን ጥላው ስር ተቀምጠዋል። ደሳለኝና ሙሽራዋ ለመልስ ሄደዋል። ሌሎቹን ፎቶዎች ሰጠኋቸው፣ ጭፈራውን፣ ሙሽሮቹን። አንድ በአንድ አዩ። "ጥሩ ነው። የርችቱስ?"

አፌን ከፈትኩ። እሑድ ጠዋት በር ላይ ቆመው "ንገሩኝ" ያሉት ትዝ አለኝ። እሳቸው ሊሰሙ የቆሙ ሰው ናቸው። ለእሳቸው መዋሸት አልቻልኩም። አወጣሁና ሰጠኋቸው።

ፎቶውን አራቁት፣ አቀረቡት። መጀመሪያ ሰማዩን አዩ። ከዚያ ራሳቸውን። ከዚያ ዐይናቸው ወደ ግራ ሄዶ ቆመ። ቆየ። እኔ የማስረዳውን ሁሉ ተዘጋጅቼ ነበር፣ የመዝጊያውን፣ የጊዜውን። ከመንገዱ የመኪና ጡሩንባ ሲጮህ ተሸማቀቅኩ።

ጣታቸውን ጥላው ደረት ላይ አሳረፉ። አንድ ነጭ ጭረት አለች፣ ከላይ ወደ ታች የወረደች። እኔ ትናንት ሙሉ ቀን ሳየው ያላየኋት።

"ይቺ አበባዋ አይደለችም?" አሉ። "ደሳለኝ ነው ይሄ!"

"እሱ ነው እትዬ።"

"ሙሽራ ሆኖ! የወንድሙ ወንበር ውስጥ ሲደበቅ!" ሳቃቸው ግቢውን ሞላው። "ታደሰ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ይሄን ነው። ዕድሜ ልኩን ይስቅበታል። ሰይዴ፣ አንድ ጨምርልኝ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእሱ።"

የቀረኝ ደህና ወረቀት አንድ ብቻ ነበር። ከሰዓት አተምኩት። ከመጀመሪያው ይሻላል፤ አበባዋም በደንብ ትታያለች። ለእሳቸው ልወስደው ስል "አይ፣ የእሱን አንተ ጋ አስቀምጠው። ፎቶውን ራሱ መጥቶ ይውሰድ" አሉኝ።

ሐዋ ገመዱን ወጥራ ያዘችልኝ፤ ከሌሎቹ ጎን ሰቀልኩት።